የግራው ስፒከር

ሐይቅ ዳር ባለችው ሺቦይገን ከተማ ውስጥ ስለ ሜርል ዲትማን የሚወራው እንዲህ ነው፦ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን ሁለት ሰው የሚያነሳውን ስቴሪዮ ሪሲቨሩን እስከ ጥግ ከፍቶ የሚስቱን የአርዲስን የግራ ጆሮ ታምቡር ቀደደው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነውና፣ ጨማሪው ብዙ ነው። አንዱ የሳሎኑ መስኮት ረገፈ ይላል። ሌላው የጎረቤት ድመት ሦስት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣችም ይላል። ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው ጀልባቸውን ወደ ዳር ቀዘፉ ያለም አለ፤ ይኼኛው ግን ስለ ራሱ ዓሣም እንደዚያው ስለሚያወራ አይታመንም።

ውሸት ነው። መስኮቱ እንዳለ አለ፤ ድመቷም ኋላ የሞተችው በእርጅናና በጥጋብ ነው። ያ ሪሲቨር በዲትማኖች ሳሎን በኖረበት ዘመን ሁሉ የድምፁ ማዞሪያ ከሦስት ቁጥር አልፎ አያውቅም። አርዲስ በግራ ጆሮዋ እንደማትሰማ ግን እውነት ነው። ጥፋቱ የሜርል መሆኑም እውነት ነው። ሜርል ወሬውን አንድ ቀን እንኳ አስተባብሎ አያውቅም፤ እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይብስበታልና።

ሜርል በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባዎቹ መጨረሻ የባሕር ኃይል ልጅ ነበር። መርከባቸው ጃፓን፣ ዮኮሱካ ሲደርስ ጓደኞቹ ወደ መጠጥ ቤት ሲሮጡ እሱ ወደ ጦር ሰፈሩ ሱቅ ሮጠ። ያን ጊዜ የጃፓን ፋብሪካዎች በዋት ተያይዘው ነበር። አንዱ በአንድ ጎን መቶ ሃያ ዋት የሚያወጣ ሲሠራ፣ ሌላው እልህ ይዞት መቶ ስልሳ ያደርሰዋል፤ ሦስተኛው ይህን ሲሰማ ሌሊቱን አይተኛም። ሜርል የገዛው ባለ መቶ ስልሳውን ነው። ሬዲዮና ማጉያ ባንድ ሣጥን የታጨቀበት፣ ፊቱ የተቦረሸ አሉሚኒየም፣ ጎኑ እንጨት፤ ክብደቱ የአንድ ጎረምሳ በግ። ሲበራ የጣቢያ ቁጥሮቹ ከመስታወቱ ኋላ በሰማያዊ ብርሃን ይዋኛሉ። የጣቢያ ማዞሪያውን በአውራ ጣት አንዴ ገፋ ቢያደርጉት መርፌው ከዳር እስከ ዳር በራሱ ይነጉዳል። ከሁሉም ግን ሜርል የሚወደው አጀማመሩን ነበር። ማብሪያውን ሲጫኑት ወዲያው አይናገርም። አራት አምስት ሰከንድ ያስባል። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ» ይልና ድምፁ ይመጣል። «ጨዋ ሰው ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም» ይላል ሜርል።

«ይኼ ሁሉ ዋት ለምን?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ደግሞ ሳያስተምር አይለቀውም።

«ትልቅ የጭነት መኪና ላይ አንድ ጆንያ ድንች ጫንበትና ዳገት አስወጣው። ሲያቃስት ትሰማለህ? አትሰማም። ያቺ ያንተ ትንሿ መኪናስ?»

«መኪናዬ ምን አደረገችህ?»

«ታቃስታለች! ኃይሉ ለመጮህ አይደለም ወንድሜ። ላለማቃሰት ነው።»

አርዲስን ያገኛት ከባሕር ኃይል በወጣ በዓመቱ፣ የፖልካ ጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ነው። በወንበር ፋብሪካ ቢሮ ስትሠራ የኖረች፣ ቀልዷን ፊቷን ሳትፈታ የምትጥል ሴት ናት። ሲጋቡ ሜርል በሜትር ለክቶ ሁለቱን ስፒከሮች ግራና ቀኝ አቆመ፤ ከሁለቱ እኩል በሚርቀው ቦታ ላይም ሁለት ወንበር አስጠግቶ አስቀመጠ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት እዚያ ተቀምጠው የፖልካ ሸክላቸውን ይሰማሉ። ትራምፔቶቹ ከቀኝ፣ ክላርኔቱ ከግራ። አርዲስ ክላርኔቱን ትወደዋለች። ሲሰማ «መጣ ሰውዬው» ትላለች፣ በር ያንኳኳ እንግዳ ይመስል።

ሜርል በስምንተኛው መንገድ ላይ የጥገና ሱቅ ከፈተ። በዘጠናዎቹ ሰዉ ያንን ሁሉ ባለ ብዙ ዋት ሣጥን ምድር ቤት ወርውሮ የፕላስቲክ ማጫወቻ ሲገዛ፣ ሜርል የማይክሮዌቭ በር እየጠገነ ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን ምን እንደነካቸው ሳይታወቅ ሰዎች የአባቶቻቸውን ሪሲቨር ከምድር ቤት ማውጣት ጀመሩ። ከቺካጎ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሪሲቨሩን ከፊት ወንበር አስቀምጠው የደኅንነት ቀበቶ አስረው ያመጡለታል። አንዱ እንዲያውም ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ነው የመጣው። ሜርል በስድሳ ዓመቱ ተፈላጊ ሆነ። ተፈላጊነት ደግሞ እንደ ቢራ ነው፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳያልቅ ሁለተኛውን ያስመኛል። እሑድም ሱቅ መግባት ጀመረ። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ባዶ ቀረ።

አርዲስ መጀመሪያ የደወለችው ያኔ ነው፣ አንድ እሑድ።

«ሜርል፣ ግራው ስፒከር ደክሟል።»

«ደክሟል ማለት? ይቆራረጣል ወይስ ጠፋ?»

«አልጠፋም። ክላርኔቱ ግን ወጥ ቤት ገብቶ የሚነፋ ይመስላል።»

«ክላርኔቱን ተዪውና ስሚኝ። ከሪሲቨሩ ጀርባ ያሉትን የስፒከር ሽቦዎች ንቀይ። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ሰኪ። ድካሙ ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው። እዚያው ግራ ከቀረ የስፒከሩ ነው።»

ይህች የሙያው የመጀመሪያዋ ጸሎት ናት። ማንም ጠጋኝ ካቻቢቴ ሳያነሳ በፊት ይደግማታል። አርዲስ ተንበርክካ፣ እንዳይምታታባት የግራው ሽቦ ላይ ቀይ ክር አስራ፣ ቀያየረችው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደወለች።

«አሁንም ግራው ነው።»

«እንግዲያው ስፒከሩ ነው» አለ ሜርል፤ በማግስቱ ሌላ ስፒከር በዱዌን ዞልኮቭስኪ እጅ ላከላት። ዱዌን ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የራሱ ወንበርና የራሱ ቡና ስኒ አለው፣ ሥራ ግን የለውም። አዲሱ ስፒከር ተተከለ። አርዲስ ደወለች።

«አሁንም ግራው ነው።»

ሜርል የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ዱዌን ዞረ። «ያን ቀን ሽቦውን አልነካችውም ማለት ነው። መልሳ እዚያው ሰክታዋለች።»

«የኔዋ ብትሆን ምድጃው ላይ ትሰካው ነበር» አለ ዱዌን።

ተሳሳቁ። መዳፍ ደግሞ ስልክ አይደፍንም፤ አርዲስ ሰምታለች። ስልኩን የያዘችው በቀኝ ጆሮዋ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በግራ ይዛ፣ በቀኝ እጇ እየጻፈች የኖረች የቢሮ ሴት፣ ወደ ቀኝ የቀየረችው መቼ እንደሆነ ራሷም አታስታውስም።

እዚህ ላይ የሱቁን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜርል ለሚገባው ዕቃ ሁሉ በሲባጎ ቡናማ የካርቶን ቁራጭ ያንጠለጥላል፣ ካርቶኑ ላይ ተራ ቁጥር። ወረፋ አይታለፍም። ለከንቲባው አላለፈም፣ በሸክላ የተቀዳውን የሚስቱን መልአክ መሳይ ድምፅ ለመስማት ለቸኮለው የሉተራን ቄስም አላለፈም። በዚህ ሕጉ ይኮራ ነበርና፣ በዚያ ሳምንት ወደ ቤት ሲሄድ ካርቶን ይዞ ሄደ። ስድሳ አንድ ይላል። እያፏጨ የሳሎኑ ሪሲቨር ማዞሪያ ላይ አሰረው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች አርዲስ።

«ወረፋሽ። ስድሳ ሰዎች ይቀድሙሻል። በሚስትነትሽ አላዳላም።»

ቀልድ ነበር። አርዲስም ሳቀች። ካርቶኑ ግን አራት ዓመት ተንጠለጠለ።

ስድሳው ሰው አልፎ ነበር፣ ቢቆጠር ኖሮ። ግን አርዲስ አምስተኛ ስትደርስ አባቱ የሞተበት ሰው ከግሪን ቤይ ይመጣል፣ «ይህን ይሰማ ነበር» ብሎ ያለቅሳል፤ ሜርል ሆዱ ይባባና የአርዲስን ተራ ለእሱ ይሰጠዋል። የእሷን ተራ መስጠት እንደ ማዳላት አልቆጠረውም፤ ከራሱ ኪስ የሰጠ ነው የመሰለው። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባል የለ።

በሁለተኛው ዓመት «ክላርኔቱ ምድር ቤት ወረደ» አለችው፣ ቁርስ ላይ።

«ይወጣል» አላት፣ ጋዜጣውን ሳያወርድ።

በሦስተኛው ዓመት «ሰውዬው ሥራ ለቀቀ» አለችው።

«ምን ሰውዬ?»

«ክላርኔቱ።»

«አርዲስ፣ በእግዚአብሔር! ያቺን ድምፅ ለግራና ለቀኝ የምታካፍለዋን ማዞሪያ ወደ ግራ አድርጊያት እስክደርስልሽ።»

አደረገቻት። በየወሩ ትንሽ በትንሽ እያዞረች ጥጓን አስነካቻት። ከጎኗ ባለችው ባዶ ወንበር ላይ ግን ሜርል በእነዚያ ዓመታት አንዴም አልተቀመጠም። ቤት ሲገባ ጆሮው የሰው ሪሲቨር ጠግቦ ይገባና፣ ወጥ ቤት ተቀምጦ ቋሊማውን በዳቦ በልቶ ይተኛል።

በአራተኛው ዓመት መኸር አርዲስ መጠየቋን ተወች። ሜርል ዝምታውን እንደ ሰላም ቆጠረው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአርዲስ እህት ጆይስ ሱቅ ገባች። ጆይስ ሰላም ሳትል ወሬ የምትጀምር ሴት ናት።

«ሜርል፣ መኪናህን አውሰኝ። ያንን ሣጥን ልወስደው ነው።»

«የቱን ሣጥን?»

«የሳሎኑን ነዋ። አርዲስ ሰጥታኛለች። ‹እኔ አልሰማበትም፣ ቢያንስ የአበባ ማሰሮሽን አስቀምጪበት› አለችኝ።»

የአበባ ማሰሮ! ሜርል ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። ከሱቅ እስከ ቤቱ ያለውን አራት መንገድ ባለ ጎማውን ጋሪ እየገፋ በሩጫ ፈጀው፤ ዱዌን ከኋላው፣ ጆይስ ከዱዌን ኋላ። አራት ዓመት ሚስቱ ስትጠራው ያልተነሳ ሰው፣ ሣጥኑ ላይ ውሃ ሊንጠባጠብበት ነው ሲባል እንደ ጎረምሳ ሮጠ። ይህን በኋላ ራሱ ነው ለዱዌን የነገረው። ሲነግረው አልሳቀም።

ሪሲቨሩን በጋሪው ሱቅ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ክዳኑን ፈታ። መጀመሪያ ያየው ያቺ ማካፈያ ማዞሪያ ግራ ጥግ ድረስ ተጠምዝዛ መቆሟን ነው። «ማነው እንዲህ ያጣመማት?» ብሎ ወደ መሐል መለሳት። ከዚያ ሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያ አገናኘ። ግራ፣ ቀኝ። ሁለቱ መስመሮች እንደ መንታ እኩል ይወዛወዛሉ። የሱቁን ስፒከሮች ሰካ፣ ፖልካ ከፈተ።

«ዱዌን፣ ግራውን ስማው።»

ዱዌን ጆሮውን አስጠጋ። «ክላርኔት ነው።»

«ደክሟል?»

«ምኑ ይደክማል! ፊቴ ላይ እየተፋብኝ ነው እንጂ።»

ሜርል ደስ አለው። ከሁሉም የሚቆጨው ይኼ ነው፤ ደስ አለው። ዕቃው አራት ዓመት ሙሉ ደኅና እንደነበረ፣ ሴትዮዋ ያለ ነገር ስትነዘንዘው እንደኖረች በመሣሪያ የተረጋገጠለት መሰለው። ሪሲቨሩን በጋሪው ይዞ ቤት ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ነበር። ገጣጠመው፣ ሸክላውን አስቀመጠ፣ «ቀጭ» እስኪል ጠብቆ ወደ አርዲስ ዞረ።

«ምንም አልሆነም! መጀመሪያም ምንም አልሆነም ነበር! በይ ተቀመጪ።»

አርዲስ ተቀመጠች። ሙዚቃው መጣ። ራሷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ሰማች።

«ግራው ያው ነው፣ ሜርል።»

«ምን ማለት ነው ያው ነው? አሁን በመሣሪያ ለካሁት እኮ!»

«መሣሪያህ ይስማበት። እኔ አልሰማም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ግትር መሆንሽን አውቃለሁ፣ ግን…» አለና ክርክሩን ሊያሸንፍ ባዶው ወንበር ላይ፣ ከጎኗ፣ ዘጭ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ የተቀመጠው እንዲህ ነው፤ ለመሟገት። ትራምፔቶቹ ከቀኝ መጡ። ክላርኔቱ ከግራ ጥርት ብሎ፣ የነፊው ትንፋሽ ሳይቀር፣ መጣ። ወደ አርዲስ ዞረ። ክላርኔቱ ሲገባ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ሜርል አፉን ሲከፍት ድምፁ ቀጥኗል።

«አርዲስ… እስቲ ወንበርሽን አዙሪው። ጀርባሽን ለስፒከሮቹ ስጪ።»

«ምን ላድርግ ግድግዳውን አይቼ?»

«እባክሽ።»

አዞረችው። ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ሰማች። ከዚያ ቅንድቧ ከፍ አለ።

«ወይ ጉድ! አሁን ደግሞ ቀኙ ጠፋ። ግራው መጣ!»

እሷ አንዳች ነገር የተጠገነ መስሏት ፈገግ አለች። ሜርል ግን የሙያውን የመጀመሪያዋን ጸሎት በልቡ ደገመ። ጥፋቱ የዞረው ከወንበሩ ጋር ነው። ተነስቶ ሪሲቨሩን አጠፋው።

ሚልዋኪ ያለው ሐኪም ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። ከግራ ጆሮዋ ኋላ፣ የመስማት ነርቭ ላይ የበቀለች እብጠት። ነቀርሳ አይደለችም፤ ቀስ ብላ የምትገፋ፣ መቸኮል የማታውቅ።

«ድምፁ መድከም የጀመረው መቼ ነው፣ ወይዘሮ ዲትማን?»

«አራት ዓመት ይሆነዋል።»

«አራት ዓመት? እስከዛሬ ለማንም አላሳዩትም?»

«ኧረ አሳይቻለሁ፣ ዶክተር» አለች አርዲስ፣ ፊቷን ሳትፈታ። «ባለቤቴ እስኪጠግነው ስንጠብቅ ነው የቆየነው።»

ሐኪሙ የሚስቅበት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ወደ ሜርል አየ፤ ሜርልን ካየ በኋላም አልሳቀም። በመጀመሪያው ዓመት እብጠቷ ትንሽ ሳለች ቢመጡ ኖሮ፣ አለ፣ ጆሮውን ለማትረፍ መሞከር ይቻል ነበር። እርግጠኛ ነገር የለም፣ ግን መሞከር ይቻል ነበር። አሁን የሚተርፈው አርዲስ ናት፣ ጆሮው አይደለም። ቀዶ ሕክምናው በክረምት ተደረገ። አርዲስ ተረፈች፤ የግራ ጆሮዋ ጨርሶ ተዘጋ።

ሜርል ያን ጊዜ ያደረገውን ያየ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል። የሱቁን ወረፋ ዘጋ። እሑድ ቤት መዋል ጀመረ። የአርዲስን ወንበር አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያስቀመጠ፣ ሁለቱን ድምፅ ባንድ የሚያደርገውን ቁልፍ እየተጫነ፣ ለአንድ ጆሮ የሚስማማውን ቦታ በሜትር ሲፈልግ ከረመ። አገኘላትም። አርዲስ ተቀምጣ ሰማችና «መጣ ሰውዬው» አለች፤ ግን ከየት በኩል እንደመጣ ለማወቅ አልቻለችም፣ እንደዱሮዋ ዘወር ብላም አላየችም። ስትራመድ በቀኟ ይሄዳል። ቁርስ ላይ በቀኟ ይቀመጣል። ሳህን ያጥባል፤ ይህን ጆይስ ለከተማው ሁሉ ተናግራለች።

ያላደረገው አንድ ነገር ነው፤ አልተናገረም። ሜርል የመጣበት ዘር ይቅርታ ከሚልህ ጣራህን በነፃ ቢጠግንልህ ይቀለዋል። አባቱ እናቱን በሃምሳ ዓመት ትዳር አንዴ ብቻ ነው ይቅርታ የጠየቃት ይባላል፣ እግሯን ረግጧት፣ ያውም የረገጠው በግ መስሎት ነው። አርዲስም አልጠየቀችውም። ቡናማውን ካርቶን ግን ራሷ ፈታችው፤ ምን እንዳደረገችው አይታወቅም።

በጸደይ፣ አንድ ዓርብ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የዓርቡን የዓሣ ጥብስ ሊበሉ በመኪና ወጡ። መንገዱ ሐይቁን ይዞ ነው የሚሄደው። ሜርል ይነዳል፤ አርዲስ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ። ነፋሱ ይገባል፣ የጎማው ድምፅ ይገባል።

«ዱዌን ቀድሞን ቦታ ይዞ ይሆን?» አላት።

አልመለሰችም። የሚሄዱትን ጀልባዎች ታያለች።

ሜርል ደግሞ ሊጠይቃት አፉን ከፈተና ተወው። ሹፌሩ በስተግራዋ ነው። ያ ጆሮ ወደ እሱ ነው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በቀኟ ለመሆን ሲሽቀዳደም የከረመ ሰው፣ እዚህ ወንበር ላይ ምንም ቢል እንደማትሰማው ገባው። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለት የመንገድ መብራት አለፈ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ከነፋሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፦

«ሽቦውን በትክክል እንደቀየርሽው ያኔውኑ አውቄው ነበር፣ አርዲስ። ቀዩን ክር በማግስቱ ቀኝ በኩል ተሰክቶ አይቼው ነበር። አጠገብሽ ተቀምጬ ለመስማት ነው የሰነፍኩት።»

አርዲስ ጀልባዎቹን እያየች ነበር።